የቀዝቃዛው ግድግዳ ነገር

የጭቃ ሥራ የተውኩት ጉልበቴ አልታዘዝ ስላለኝ ነው እንጂ ጠልቼው አይደለም። አሁን መተማ ዮሐንስ ውስጥ የሚሠራው ቤት ሁሉ ብሎኬት ሆኗል። እኔ ግን ዕድሜዬን የጨረስኩት አሮጌ ጭቃ ቤት ስር ተንበርክኬ ነው። አዲስ ቤት ሠርቻለሁ ብል ውሸት ነው። የእኔ ሥራ ውሃ የጎዳውን ቤት ማዳን ነበር፤ ክረምት የገባበትን ግድግዳ መክፈት፣ የበሰበሰውን እንጨት ማውጣት፣ አድርቆ መልሶ መመረግ። ፊደል የቆጠርኩት ልጄን ከወለድኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ስለዚህ ጽሑፌ ቢወለጋገድ አንባቢ ይታገሰኝ። ግድግዳዬ ግን አይወለጋገድም ነበር።

ከበለሳ ወደ ቆላ የወረድኩት ሰሊጥ ለሚያጭዱ ሠራተኞች ወጥ ልሠራ ነው። አብርሃ ጅራ አካባቢ አንድ ባለ እርሻ ዘንድ ገባሁ። ሰውየው ከትራክተሩ በቀር ከማንም ጋር ብዙ አያወራም። አንድ ክረምት የእህል ማስቀመጫው ግድግዳ በነፋስና በዝናብ ተልጦ ውስጡ ታየ። ማንም አላዘዘኝም፤ አገር ቤት እናቴ ስትመርግ እያየሁ ስላደግሁ አፈር አቡክቼ መረግሁት። ሰውየው መጥቶ ቆሞ አየው።

"ማን ነው ይህን የመረገ?"

"እኔ ነኝ ጌታዬ።"

"ከነገ ጀምሮ ወጥ ቤት እንዳላይሽ።"

የተባረርኩ መስሎኝ ጓዜን ጠቅልዬ ሳለቅስ አመሸሁ። በማግሥቱ ሰው ልኮ አስጠራኝ። ለካ ከወጥ ቤት አውጥቶ ወደ ግድግዳ አዛውሮኝ ኖሯል። ሥራ የያዝኩት እንዲህ ነው።

እዚያው አግብቼ የሺን ወለድኩ። ባሌ ለሥራ ወደ ሱዳን ተሻግሮ በዚያው ቀረ። ልጄን አዝዬ መተማ ዮሐንስ ስገባ የማውቀው ሰው አልነበረኝም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ፈሪ ነኝ። ሰው ሁሉ ይህንን ያውቃል፤ ጎረቤቶቼ "ጥሩዬ ልጇ ካስነጠሰች ሐኪም ትጠራለች" እያሉ ይስቁብኛል። አንድ ልጅ ብቻ ያላት ሴት እንዴት አትፈራ።

መተማ ላይ ያሠለጠኑኝ አያ ኢድሪስ ናቸው። አባታቸው ከድንበር ማዶ ከገላባት ወገን ነበሩ፤ ሙያውንም ከአባታቸው ነው የወረሱት። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጭ ጀለቢያቸው ጭቃ የማይነካው ሰው። እንዴት ጭቃ እንደማይነካቸው እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ እኔ እስከ ቅንድቤ ተለቅልቄ እሳቸው እንደ ዓርብ ጸሎት ሂያጅ ንጹሕ ናቸው።

አያ ኢድሪስ ሊጠግኑ ወደተጠሩበት ቤት በበሩ ገብተው አያውቁም። መጀመሪያ በዙሪያው ይሄዳሉ። ጫማቸውን ያወልቁና በባዶ እግራቸው የግድግዳውን ሥር ይረግጣሉ። ከዚያ የያዙትን ጀሪካን ከፍተው ትንሽ ውሃ መሬት ላይ ያፈስሱና ወዴት እንደሚሄድ ቆመው ያያሉ። ከዚያ ባለቤቱን ይጠይቃሉ።

"ውሻችሁ ቀትር ላይ የት ይተኛል?"

አንዱ ባለቤት፣ "አያ ኢድሪስ፣ ቤት ሊያድሱልኝ ነው የጠራሁዎት ውሻ ሊገዙ?" ብሎ ሳቀባቸው።

"መልስልኝ እንጂ። ዶሮዎቹስ?"

"ውሻው ከጓሮ በኩል፣ ከዚያ ጥግ ነው። ዶሮዎቹም እዚያው ይቆፍራሉ።"

"በል መዶሻ አምጣ። ውሃህ እዚያ ነው ያለው።"

የመተማን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። ቀትር ላይ ቆርቆሮው ሲጮኽ እንስሳ ሁሉ የሚፈልገው እርጥብ መሬት ነው። ከላይ የደረቀ የሚመስል ግድግዳ ውስጡ ውሃ ካዘለ ሥሩ ይቀዘቅዛል፤ ውሻ ያንን ከእኛ ቀድሞ ያገኘዋል። ይህን በሰማሁ ቀን ደስታዬን አልችለው ብዬ ማታ ለየሺ ነገርኳት፤ ገና መናገርም አልጀመረችም ነበር።

ግድግዳ ሲነኩም በመዳፋቸው አይደለም። "መዳፌ ቆዳ ሆኗል፤ የእጄ ጀርባ ግን ገና ሕፃን ነው" ይሉና የእጃቸውን ጀርባ ያስጠጋሉ። እኔም እንዲሁ ለመድኩ። ሌላው ዕቃችን ወስፌ ነበር፤ ሴቶች ስፌት የሚሰፉበት ያው ወስፌ። ግድግዳው ውስጥ የቆመውን እንጨት የምናየው በእሱ ነው። እንጨቱ ደህና ከሆነ ወስፌው ይመለሳል። ከበሰበሰ ወይም ምስጥ ከበላው ይገባል።

ጭቃውን ስንሠራ የግቢውን ጥቁር ዋልካ አንነካም። ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ለልስን አይሆንም። አፈር የምናመጣው ከኩይሳ ነው። ምስጥ የቆለለው አፈር ልሙጥ ነው፣ ይይዛል። እንጨታችንን የሚበላብን ምስጥ ልስናችንንም የሚያዘጋጅልን እሱ ነው፤ አያ ኢድሪስ "ደመወዙን አስቀድሞ ነው የሚበላ" ይሉ ነበር። በላዩ ከደጋ የመጣ የጤፍ ጭድና እበት ጨምረን፣ ውሃ እያጠጣን፣ እስኪሸት እናቆየዋለን። ሱዳኖች ዝባላ ይሉታል። ሽታው ጎረቤት ያጣላል፤ ከደረቀ በኋላ ግን ዝናብ ይንሸራተትበታል እንጂ አይገባበትም። የአዲስ ቋሚ እግር ደግሞ ትራክተር ከጠጣው የተቃጠለ ዘይት እናስጠጣዋለን፤ ምስጡ ሸቶት ይሸሻል።

ክፍያው ሲገኝ ብር፣ ሳይገኝ ሰሊጥ ነበር። የሺን አስተምሬበታለሁ፤ ከዚህ ሌላ ስለሱ የምለው የለኝም።

አሁን ክፉውን ልናገር። ጉምሩክ አጠገብ አንድ የሰሊጥ ነጋዴ ሰፊ አሮጌ ቤት ነበረው። ክረምት እንደወጣ ጠራን። በዙሪያው ሄድን፣ ውሃ አፈሰስን፣ ከፈትን፣ የበሰበሱትን ቋሚዎች ቀየርን፣ ሥሩን በድንጋይ ካብን፣ ለሰንነው። ሲያልቅ የሚያምር ግድግዳ ነበር። ነጋዴው ደስ ብሎት በግ አረደልን። መኸሩ ሲገባ ሰሊጡን በማዳበሪያ እስከ ጣሪያው አስደግፎ ደረደረበት፤ እዚህ አገር ሰው ሁሉ እንደዚያ ያደርጋል፣ ጎተራ አንሠራም፣ የምንተኛበት ቤት ነው ጎተራችን።

አያ ኢድሪስ ሥራቸውን ተመልሰው የማየት ልማድ አላቸው። በዚያ በኩል ሲያልፉ ጎራ አሉ፤ እኔም አብሬያቸው ነበርኩ። ከውጭ በኩል የእጃቸውን ጀርባ አስጠጉና "እንደ ዳቦ ደርቋል" አሉኝ ደስ ብሏቸው። ቃላቸውን ሳይጨርሱ ግድግዳው ወደ እኛ መጣ። እኔን በክርናቸው ገፉኝ። እሳቸው ከወገባቸው በታች ፍርስራሹ ሥር ቀሩ።

ከሆስፒታል ከተመለሱ በኋላ ነበር ነገሩ የገባን። ግድግዳው ምንም አልነበረበትም። መሬቱ ነው የከዳው። ዋልካው ክረምቱን ውሃ ጠጥቶ አብጦ ነበር፤ የድንጋዩን ካብ ያቆምነው ባበጠው ላይ ነው። ፀሐይ ሲመታው ዋልካው ተኮማተረና ከካቡ ሥር ሸሸ። ሰሊጡ ደግሞ ከውስጥ ገፋ። ያደረቅነው ግድግዳውን ነበር፤ ከታች ያለውን ማንም አላየውም።

አያ ኢድሪስ ከዚያ በኋላ ያለ ምርኩዝ አልተራመዱም። አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ሳለቅስ፣ "አንች ልጅ፣ እንባሽን ለጭቃው አስቀምጭው" አሉኝ። ቀጥለውም፣ "ሰው ቤት በክረምት የሚወድቅ ይመስለዋል። በዚህ በኛ መሬት ጥቅምትን ፍሪ። ዝናቡ ቆሞ ሰው ሁሉ ደስ ሲለው ያን ጊዜ ሂጅና እይ።" ከዚያ ወዲህ ካብ ስሠራ ዋልካውን ጨርሼ ጠንካራው መሬት እስኪገኝ አስቆፍራለሁ። ጥቅምት ሲገባም እንቅልፌ ይቀላል። እሳቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር።

እንግዲህ ሥራውን ትቼ ተቀምጬ ሳለሁ ነው የሺ ሽንፋ ላይ የወለደችው። ባሏ ማሩ ገበሬ ነው፤ የሚኖሩት ከእናቱ ከእመት ዘርፌ ጋር ነው፣ እሳቸው በተዳሩበት አሮጌ ቤት። የገንፎ ዱቄት፣ ቅቤ፣ የሕፃን ልብስ ይዤ ደስታዬ ልቤን እያስዘለለው በመኪና ወረድኩ። ጥቅምት ነበር። መንገዱን ሁሉ አጫጆች የሰሊጥ ነዶ ሲያቆሙ አያለሁ። ወንድ ልጅ ነው የተባልኩት።

ስገባ የሺ ከአልጋው ቀና ብላ ሳቀች። ሕፃኑ ከጎኗ ተጠቅልሏል።

"እማ፣ ወዲህ ነይ ተቀመጭ" አለችኝ። "ከቤቱ ሁሉ ቀዝቃዛው ይህ ጥግ ነው። እመት ዘርፌ ናቸው አልጋውን ያስጠጉልኝ።"

እመት ዘርፌ ገንፎውን እያማሰሉ፣ "ውጭው እሳት ነው፤ እዚያ ጥግ ግን ደጋ ነው። ልጁ አንድም ቀን በሙቀት አላለቀሰም" አሉ።

ልጁን ሳልስም የእጄን ጀርባ ግድግዳው ላይ አሳረፍኩ። ቀዘቀዘኝ። ወደ በሩ በኩል ያለውን ግድግዳ ነካሁ፤ ይሞቃል። ተመልሼ ከአልጋው ራስጌ ነካሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

"ምነው እማ?"

"እመት ዘርፌ፣ ይህን አልጋ አሁን ከዚህ እናንሳው።"

"ወዴት?"

"ከዚህ ቤት ውጭ።"

ማማሰያውን ድስቱ ውስጥ ተዉት። "ዓራስ ከቤት ልታወጡ? ክርስትናው ሳይደርስ? ምች ይምታት? ዓይን ይያት? ወይዘሮ ጥሩዬ፣ የመጡት ልጅዎን ሊጠይቁ ነው ቤቴን ሊፈትሹ?"

"ግድግዳው ውሃ ይዟል።"

"ግድግዳው እኔን ከነልጆቼ ይዞ ኖሯል።"

ክርክር እንደማያዋጣኝ አየሁ። የስፌት ሙዳያቸው መደብ ላይ ነበር፤ ከውስጡ ወስፌያቸውን አንስቼ ሰጠኋቸው። "እርስዎ ራስዎ ይውጉት። ቋሚው ከዚህ ጋ ነው። ከተመለሰ እኔ አፌን ዘግቼ ገንፎዬን እበላለሁ።"

"እበላለሁ ካሉ ይበላሉ" ብለው ወጉት። ወስፌው እስከ እጀታው ገባ። ሲስቡት ጫፉ ረጥቦ፣ ቡናማ የእንጨት ብስባሽ ይዞ ወጣ። አዩት፤ በቀሚሳቸው ጠረጉት። ከዚያ ዝቅ ብለው ሌላ ቦታ ወጉ። እዚያም ገባ።

ማሩ ከእርሻ ሲመጣ ሁለታችንንም በር ላይ ቆመን አገኘን። ነገሩን ስነግረው ራሱን ያዘ። "እማማ፣ ሰሊጡ ደርሷል። ነገ ካላጨድኩት እኮ ይረግፋል። ያሉኝ ሠራተኞች ሦስት ናቸው። መኸሩ ይውጣ እንጂ፣ ከዚያ በኋላ..."

"ሰሊጥህ ቢረግፍ የሚረግፈው መሬት ላይ ነው። ይህ የሚረግፈው ልጅህ ላይ ነው።"

እናቱን አያቸው። እመት ዘርፌ ወስፌውን እንደያዙ፣ "ሰዎቹን ጥራ" አሉት።

የዓራሷ ነገር ግን አልለቀቃቸውም። እግሯ ውጭ መሬት አይነካም አሉ። ፀሐይ አያያትም አሉ። ስለዚህ የሺን ከነልጇ፣ ከነአልጋዋ ልናነሳት ሆነ። በላይዋ ጋቢ ዘርግተን በአራቱም ማዕዘን አሠርን። ማሩና ሦስቱ የጎጃም አጫጆች ተሸከሙ። እመት ዘርፌ ክፉ እንዳይቀርብ ብረት ይዘው ከፊት መሩ፤ ብረት ቢፈልጉ ያገኙት የሰሊጥ ማጭድ ነው፣ እሱን ወደ ላይ ይዘው። እኔ ከኋላ ሆኜ ጉልበቴን እያሸሁ።

አንደኛው አጫጅ፣ "እኛ አገር እንዲህ የምትሸኝ ሙሽራ ናት" አለ።

"ዝም ብለህ ተሸከም" አለችው የሺ ከጋቢው ውስጥ። "ብትጥለኝ ሰሊጡን ብቻህን ነው የምታጭደው።"

ያስገባናት ግቢው ውስጥ ካለው ማድ ቤት ነው፤ ትንሽ፣ ጥቁር፣ ግን ደረቅ። እመት ዘርፌ "የልጄ ልጅ በማድ ቤት" እያሉ አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በሩን በአንሶላ ጋርደው ማጭዱን ደፍ ላይ አስቀመጡት።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ስጽፍ ዛሬም ልቤ ይመታል፤ በፍርሃት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የቆየ ሥራዬ ተመልሶ እጄ ገባ። ድምፄ ራሱ ተለወጠ። "ባላ አምጡ! መጀመሪያ ጣሪያው ይደገፍ" አልኩ። ወፋፍራም ባላዎች ከውስጥ በጣሪያው ወራጅ እንጨት ሥር አቁመን ሸክሙን ከግድግዳው ላይ አነሳን። ማንም ከአልጋው ቦታ እንዳይቆም ከለከልኩ። ማሩ ከውጭ በኩል ልስኑን በመጥረቢያ ዛቢያ ነካ ነካ ማድረግ ጀመረ። ሁለት ጊዜ ነካው። በሦስተኛው ከውስጥ እንደ ሰው ማቃሰት ያለ ድምፅ ተሰማ።

"ተወው፣ ውጡ" አልኩ።

ሁላችንም ወጥተን ግቢው መሐል ቆምን። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልሆነም። አንደኛው አጫጅ ሊስቅ አፉን ከፈተ። ያኔ ግድግዳው ከሥሩ ታጥፎ ወደ ውስጥ ገባ፤ አቧራው በበሩ ወጣ። ጣሪያው በባላዎቹ ላይ ቆሞ ቀረ። አቧራው ሲወርድ አልጋው የነበረበት ቦታ አይታይም፤ ከሰው ወገብ የሚደርስ እርጥብ ጭቃ ነበር፤ ከውስጡ የጠቆሩ የማገር ስብርባሪዎች ወጥተዋል።

ከማድ ቤቱ የሺ "እማ? እማ ምንድን ነው?" ትላለች። ማሩ መጥረቢያውን እንደያዘ ቁጭ አለ። እመት ዘርፌ ወደ ማድ ቤቱ ሮጡ፤ በዚያ ዕድሜያቸው ሲሮጡ አይቼ አላውቅም። አንሶላውን ገልጠው ገብተው ሕፃኑን አንስተው ደረታቸው ላይ አስጠጉት፤ ከዚያ እስኪመሽ ለማንም አላስነኩትም።

ውሃው ከየት እንደመጣ ያገኘሁት በማግሥቱ ነው። ቤቱ ጥንት የሣር ክዳን ነበር፤ ሣሩ እንደ ሰፊ ባርኔጣ ወርዶ ዝናቡን ከግድግዳው አርቆ ያንጠባጥብ ነበር። ማሩ ለሰርጉ ቆርቆሮ አለበሰው። ቆርቆሮ ውድ ነው፤ ሁሉም ሰው እንደሚያደርገው ጫፉን አሳጠረው። ከዚያ ጀምሮ የጣሪያው ውሃ ሁሉ የሚወርደው ግድግዳው እግር ላይ ነው።

"አዲስ ጣሪያ ነው እኮ እማማ" አለኝ አፍሮ።

"አዲስነቱ መቼ ጠፋኝ ልጄ። አጭር ነው ያልኩህ።"

ሠራተኞቹ ወደ ሰሊጡ ተመለሱ፤ ጥቂቱ ረግፏል፣ አብዛኛው ግን ደረሰ። ጭቃውን የሠሩት የጎረቤት ሴቶች ናቸው። እኔ መውረድ ስለማልችል ከላይ ሆኜ ጉድጓዱን አስቆፈርኩ፤ ጥቁሩ ዋልካ አልቆ ጠንካራው እስኪመጣ አልለቀቅኩም። ቋሚዎቹን ዘይት አስጠጣን፣ ድንጋዩን ካብን፣ ጣሪያው ላይ የቆርቆሮ ቅጥያ አደረግን፣ ከሥሩ ቦይ አወጣን። ጭቃው ሲረገጥ የሺ በማድ ቤቱ መጋረጃ ጀርባ ሆና ትሰማ ነበር።

"ገና ነው፤ ድምፁ ገና ይፈረከሳል" ትላለች። "ጭድ ጨምሩበት።"

ሴቶቹ ወደኔ ዞሩ። እውነቷን ነው፤ ጭድ ያንሰዋል። ይህን ሥራ አስተምሬያት አላውቅም፤ ልጄ ከጭቃ እንድትርቅ ነበር ምኞቴ። ጭድ ጨመርን።

ክርስትናው ሲደርስ ግድግዳው ደርቆ፣ ተለስኖ፣ በነጭ አፈር ተቀብቶ ቆመ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ግድግዳ አልሠራሁም። ዳቦ የሚጋገርበት ቀን ነው፣ ግቢው ሰው ሞልቷል፤ የሺም ልጇን ይዛ ወደ ቤቷ ልትመለስ ነው። ማሩና አንድ ጎረቤት አልጋውን ይዘው ገቡና እንደ ድሮው ወደ ጥጉ ሊያስጠጉት ሲሉ እመት ዘርፌ ቆሙባቸው።

"እዚያ አይደለም። እዚህ አድርጉት" ብለው የቤቱን መሐል አሳዩ።

"እማዬ፣ መተላለፊያ አይኖርም እኮ" አለ ማሩ።

"ዙሩ።"

እኔ ሳቅሁ። "እመት ዘርፌ፣ ይህ ግድግዳ አሁን ከሽንፋ ግድግዳ ሁሉ ይበልጣል። እኔ ነኝ ያስቆምኩት።"

"ይሁን። ያስቆሙት እርስዎ ከሆኑ ያስጠጉት እርስዎ" ብለው ከአልጋው ዘወር አሉልኝ።

አልጋውን በሁለት እጄ ያዝኩት። የሺ መሐሉ ላይ ያስተኛችው ሕፃን እግሩን ያወናጭፋል። ግድግዳውን አየሁት፤ እያንዳንዱን ቋሚ አውቀዋለሁ፣ ከሥሩ ያለውን ድንጋይ አውቀዋለሁ። ሰው ሁሉ ይጠብቃል። ቆየሁና አልጋውን ለቀቅሁት።

አልጋው እስከ ዛሬ መሐል ቤት ነው፤ ሁላችንም ዞረን ነው የምናልፍ።